«አላሰብሁትም» ስለሚባለው ምክንያት

የሰው ልጅ ጥፋቱን ለመሸፈን ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሁሉ «አላሰብሁትም» እንደሚለው ቃል የተለመደና ቶሎ የሚነገር የለም። እንስራ የሰበረች ልጅ፥ የጎረቤቱን አዝመራ በከብቱ ያስበላ ገበሬ፥ የድኻ ማመልከቻ በመሳቢያው ውስጥ ረስቶ ዓመት ያሳደረ ጸሐፊ፥ መንገደኛ የገጨ ባለ መኪና፥ ሁሉም ይህንኑ ቃል ይናገራሉ። የሚናገሩትም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ክፉ አላሰቡም፤ ከተጎዳው ሰው ጋራም ጠብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የሰሚው ልብ ይራራል፥ የዳኛው ቍጣ ይበርዳል፥ የተበደለውም እንኳ ምን ብሎ እንደሚመልስ ይቸግረዋል።

ዳሩ ግን ቃሉን ቀረብ ብለው የመረመሩት እንደ ሆነ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይገኝበታል። «አላሰብሁትም» የሚል ሰው ራሱን ነጻ ያወጣ ይመስለዋል እንጂ ጥፋቱን በገዛ አንደበቱ ማመኑ ነው። የተወቀሰው ክፉ በማሰቡ አይደለምና፤ የተወቀሰው ማሰብ ሲገባው ባለማሰቡ ነው። ሕግ ቸልተኝነት ብሎ የሚጠራውም ይኸው ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ይህን የመሰለውን ጥፋት በብዙ ስም ይጠራዋል፤ ስሞቹም የየራሳቸው መልክ አላቸው። ዝንጋታ የልብ መርሳት ነው፤ የዘነጋ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለጊዜው ከልቡ አጥቶታል። ስንፍና የእጅ መድከም ነው፤ ሰነፍ መሥራት እንደሚገባው ያውቃል፥ ሥራው ግን ይከብደዋል። እንዝህላልነት የጠባይ መላላት ነው፤ እንዝህላል ሰው የያዘው ዕቃ ቢወድቅም ባይወድቅም ለእርሱ አንድ ነው። ቸልታ ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ቸል ማለት አይቶ እንዳላዩ፥ ሰምቶ እንዳልሰሙ ሆኖ ማለፍ ነው። ስለዚህ በቸልታ ውስጥ ጥቂት ዕውቀትና ጥቂት ንቀት ተደባልቀው ይገኛሉ። ዕውቀቱ አደጋ ሊኖር እንደሚችል መገመቱ ነው፤ ንቀቱም አደጋው የሚያገኘውን ሰው ከቍጥር አለማግባቱ ነው።

ይህን ልዩነት የጥንት ሕግ በሚገባ ያውቀው ነበር። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቈርጡ ወደ ዱር ቢሄዱና የአንደኛው ምሳር ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድል፥ ገዳዩ ከደም ተበቃይ የሚሸሽበት ከተማ ተለይቶለት ነበር። እንዲህ ያሉት የመማፀኛ ከተሞች ስድስት ነበሩ። ጥላቻ በልቡ ያልነበረ ሰው አውቆ እንደ ገደለ ሰው እንዳይቈጠር ሕጉ ጋሻ ሆነለት። ነገር ግን በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 35 እንደሚነበበው፥ ያ ሰው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያች ከተማ አይወጣም፥ ወደ ርስቱም አይመለስም ነበር። ክፉ ያላሰበ ቢሆንም የሰው ደም ፈሷልና፥ ምንም እንዳልሆነ ያህል በማግስቱ ወደ ቤቱ ገብቶ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም።

ይኸው ሕግ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ ሲናገር ደግሞ ድምፁ ይጠነክራል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ ያልነበረ እንደ ሆነ በሬው ይወገራል፥ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ተዋጊነቱ አስቀድሞ የታወቀ፥ ለባለቤቱም የተነገረው ሆኖ ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ በሬው ሰው የገደለ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል፤ ካሣ ከተወሰነበትም ስለ ነፍሱ ቤዛ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው፤ የሞተውም ሰው ያው ሰው ነው። ሁለቱን ፍርዶች የለየቻቸው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እርስዋም ለባለቤቱ ተነግሮት የነበረ መሆኑ ናት።

ከዚያው ቀጥሎ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ የወደቀበት እንደ ሆነ ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። በዘዳግም በምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ተነግሮታል። በዚያ አገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበረና ሰው ይወጣበት ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ገና ማንም አልወደቀም፤ ማንም አልከሰሰም። ሕጉ ግን ስሙ ስለማይታወቅ፥ ገና ወደ ቤቱ ስላልመጣ እንግዳ አስቀድሞ እንዲታሰብ ያዝዛል።

ሮማውያንም በበኩላቸው ይህን ነገር በምሳሌ አስረድተውታል። በንጉሠ ነገሥቱ በዮስጢንያኖስ ዘመን፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ533 ዓ.ም. በታወጀው የሕግ ስብስብ ውስጥ ስለ አንድ ዛፍ መልማይ የተጻፈ ነገር አለ። ሰውዬው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ሲጥል በሥሩ የሚያልፈውን ሰው ገደለ። ቅርንጫፉ የወደቀው ሕዝብ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ከሆነ፥ ሰውዬውም ከመጣሉ በፊት ጮኾ ያላስጠነቀቀ እንደ ሆነ ዕዳ አለበት ተባለ። ይህ ብቻ አይደለም፤ መሸሽ በማይቻልበት ሰዓት የጮኸ ሰው እንዳልጮኸ ይቈጠራል። የኢትዮጵያ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ይህንኑ ነው። ከሮማውያን ሕግ የተቀዳ ብዙ ነገር በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዐረብኛ ተሰበሰበ፤ ኋላም ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ ፍትሐ ነገሥት በሚል ስም በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ተሠራበት። ያም መጽሐፍ ወዶ የገደለውንና ሳይወድ የገደለውን ለይቶ ይፈርዳል።

እንግዲህ ሰው አልተነገረኝም ብሎ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ፤ የማያመልጥበትም ጊዜ አለ። ሁለቱ ጊዜያት በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው የታዩበትን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. በቪየና ከተማ በትልቁ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበረ። እርሱ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል በአፕሪል ወር ከወለዱት ከ100 ሴቶች 18 ያህሉ በወሊድ ትኵሳት ሞቱ። ዜመልቫይስ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጃቸው ወላዶችን እንደሚነኩ አስተዋለ፤ ስለዚህም ሁሉ እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በጁን ወር የሟቾቹ ቍጥር ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ለሕሙማኑ ደግ ነገር እያሰቡ ሞት ያመጡባቸው ነበር፤ ባለማወቃቸው ይታዘንላቸዋል እንጂ በቸልተኝነት አይከሰሱም። ዳሩ ግን ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ምክሩን ሳይቀበሉ ቀሩ። የእጃቸው እድፍ ያው ነው፤ በደላቸው ግን ያው አይደለም። በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሯቸዋልና። ዕውቀት ወደ አንድ ሰው ቤት ሲገባ ኃላፊነትም ተከትሎት ይገባል፤ አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን በደጅ ማቆም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ይኸውም ሰው ስለ ማን ማሰብ ይገባዋል የሚል ነው። በዓለም ስላለው ሰው ሁሉ እያሰበ አንዲት ሥራ እንኳ ሊፈጽም የሚችል የለምና። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚጠቀስ መልስ የተገኘው ከአንድ ጠርሙስ የተነሣ ነው። በስኮትላንድ አገር በፔዝሊ ከተማ፥ በኦገስት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፥ ሜይ ዶናሂው የምትባል ድኻ ሴት ወደ አንድ ቡና ቤት ገባች። ከዝንጅብል የተሠራ ለስላሳ መጠጥ በወዳጅዋ ገንዘብ ተገዛላት። ጠርሙሱ ጠቈር ያለ ስለ ነበረ ውስጡ አይታይም። ከፊሉን ከጠጣች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ አብሮ ወጣ፤ በዚህም ደነገጥሁ፥ ታመምሁም ብላ የመጠጡን ሠሪ ከሰሰች።

የኢትዮጵያ ሰው ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በተዘጋ ጥቁር ጠርሙስ ላይ አይሠራም። ጠጪዋ ብትጠረጥርም ልታይ አትችልም ነበር። ሊያይ ይችል የነበረው ጠርሙሱን አጥቦ የሞላውና የከደነው ሠሪ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜው ሕግ በፊትዋ አጥር ሆኖ ቆመ። መጠጡን የገዛችው እርስዋ አይደለችምና ከሻጩ ጋራ ውል የላትም፤ ከሠሪውም ጋራ ቢሆን አንዳች ስምምነት አልነበራትም። ድኽነትዋን አስመስክራ የዳኝነት ወጪ ሳይጠየቅባት ክርክርዋ በለንደን እስካለው እስከ ከፍተኛው ችሎት፥ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ጥያቄውም ነገሩ እንዳለችው ቢሆን ሠሪው ዕዳ አለበትን የሚል ነበር። በሜይ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ሦስት ዳኞች አለበት ሲሉ ሁለቱ የለበትም አሉ፤ በሦስቱም ድምፅ ተፈረደላት።

ከሦስቱ አንደኛው ሎርድ አትኪን ፍርዱን ሲሰጥ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተጻፈውን ጥያቄ አነሣ፤ ይኸውም ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ ያቀረበው አንድ ሕግ ዐዋቂ እንደ ነበረ የወንጌል አንባቢ ያውቃል። ከ1900 ዓመት በኋላ ሌላ ሕግ ዐዋቂ በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለዚያው ጥያቄ የሕግን መልስ ሰጠ። ባልንጀራን መውደድ የሚለው ትእዛዝ ወደ ሕግ ሲገባ ባልንጀራን አለመጕዳት ይሆናል፤ ባልንጀራ የሚባለውም በአንድ ሰው ሥራ ቀጥተኛ ጕዳት ሊያገኘው የሚችል ስለ ሆነ፥ ሠሪው ሥራውን ሲሠራ በልቡ ሊያስበው የሚገባ ሰው ነው አለ። እንግዲህ ባልንጀራ ማለት ዘመድ ወይም የአጥር ጎረቤት ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ ሲከደን ያ የማይታወቀው ጠጪ ለሠሪው ባልንጀራ ሆኗል። ምሰሶ ሲተከል ከሥሩ የሚተኛው ሕፃን፥ መድኃኒት ሲለካ የሚውጠው ሕመምተኛ፥ ፍሬን ሲጠገን መንገድ የሚሻገረው ሽማግሌ ሁሉ ባልንጀሮች ናቸው። ቀንድ አውጣው በእርግጥ በጠርሙሱ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነገር ግን በማስረጃ ሳይጣራ ቀረ። ሠሪው በዚያው ዓመት ሞተና ነገሩ በዕርቅ ተፈጸመ። ያም ሆኖ የፍርዱ ቃል በብዙ አገሮች ዳኝነት ውስጥ ሥር ሰደደ።

የኢትዮጵያም ሕግ ለዚህ ነገር የራሱ መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጕዳቱን እንዲክስ ያዝዛል፤ በሚከተለውም ቍጥር ጥፋት አውቆ በማድረግም ሆነ በቸልተኝነት ሊደርስ እንደሚችል ይናገራል። መለኪያውም ነቢይ ወይም ቅዱስ አይደለም፤ በመጠን አስተዋይ የሆነ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚል ነው። ስለ ከብት፥ ስለ ቤትና ስለ መኪና ግን ሕጉ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ የነርሱን ጕዳት ይክሳል፤ ጥቅማቸውን የሚበላ ሰው አደጋቸውንም ሊሸከም ይገባዋልና።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቍጥር 59 ቸልተኛን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ ምን ይሆናል ብሎ የደፈረ ነው። ሁለተኛው ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ሳያስብ የሠራ ነው። «አላሰብሁትም» የሚለው ሰው እንግዲህ ከሕጉ ውጭ አልወጣም፤ በሁለተኛው ክፍል ስሙን አስጻፈ እንጂ። በቍጥር 543 እንደ ተደነገገው በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። የሰውን ሕይወትና ጤና መጠበቅ የሙያው ግዴታ የሆነ ሰው ሲሆን እሥራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች የሞቱ እንደ ሆነ፥ ወይም አጥፊው ደንቡን አውቆ የጣሰ ወይም በመጠጥ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ይሆናል። ማንም ሊያውቀውና ሊከላከለው በማይችለው ድንገተኛ ነገር ለደረሰው ጕዳት ግን ማንም አይቀጣም።

ይሁን እንጂ የሕግ ዓይን የማይደርስበት ሰፊ ቦታ አለ። ሁለት ባለ መኪናዎች በአንድ ምሽት ከአንድ መጠጥ ቤት እኩል ሰክረው እንደ ወጡ ይታሰቡ። አንደኛው ባዶ መንገድ አግኝቶ በሰላም ቤቱ ይገባል፥ ይተኛልም። በሁለተኛው ፊት ሕፃን ይሻገራል። በማግስቱ አንዱ በወህኒ ቤት፥ ሁለተኛው በሥራው ላይ ይገኛል። ጥፋታቸው ግን መንታ ነው፤ ያለያያቸው የሕፃኑ መሻገር ብቻ ነው። ዳኛ የሚያየው ፍሬውን ነውና በሰላም የገባውን አይጠራውም። ያ ሰው ነጻ ነውን? አይደለም፤ ያልተፈረደበት ነው እንጂ። እርሱ ግን ያልተፈረደበትን ነጻነት ነው ብሎ ይቈጥረዋል፥ በሚመጣውም ሳምንት ያንኑ ያደርጋል።

የቸልተኝነት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጥፋት ብዙ ጊዜ ቶሎ ይቀጣል፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደ ተባለው፥ መጥፎ እርሻ በዚያው ክረምት ይታወቃል። ቸልታ ግን ሰውን ለብዙ ቀን ያባብለዋል። በክረምት ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው፥ አሥር ሌሊት በሰላም ያድር ይሆናል። የአሥሩ ሌሊት ደኅንነት ጥበብ ሆኖ ይታየዋል፤ የሚመክረውንም ጎረቤት ፈሪ ይለዋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ቀለም የለው፥ ሽታ የለው። በአሥራ አንደኛው ሌሊት ነፋስ ያስገባ የነበረው የበሩ ስንጥቅ ተደፍኖ ይገኛል፤ በዚያ ቤት የነጋው ለጎረቤቱ ብቻ ይሆናል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ምክር ለእንዲህ ያለው ነገር የተነገረ ነው።

ከዚህ በኋላ ለቅሶ ይመጣል። በለቅሶውም ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ይህን ቃል ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ልጅዋን ላጣች እናት ከዚህ የሚሻል ማጽናኛ ብዙ አይገኝምና። ነገር ግን ቃሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ኀዘንተኛው ነው። ኀዘንተኛው ሲናገረው እምነት ነው፤ ፍሬኑን ሳያስጠግን የነዳው ሰው ሲናገረው ግን የሌላውን መጽናኛ ሰርቆ መልበስ ነው። የእግዚአብሔርን ስም ለገዛ ግዴለሽነት መሸፈኛ ማድረግ ጥፋቱን በእጥፍ ያሳድገዋል።

ይህ ሲባል ቸልተኛ ሰው ርኅራኄ አይገባውም ማለት አይደለም። ሳያስብ የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀን ወዲያ የዕንቅልፍን ጣዕም አያውቅም። የአገር ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ካሣ አስከፍለው የሚያስታርቁትም ስለዚህ ነው። ዕርቅ ግን የሚጀመረው «አጥፍቻለሁ» ከሚለው ቃል ነው፤ «አላሰብሁትም» ከሚለው አይደለም። የመጀመሪያው ቃል የሞተውን ሰው ሰው ነበረ ብሎ ያከብረዋል፤ ሁለተኛው ግን በሕይወቱ ሳለ እንዳልታሰበ በሞቱም ጊዜ እንዳይታሰብ ያደርገዋል። የሟች ወገኖች ከገንዘቡ ይልቅ ይህን የመጀመሪያውን ቃል ለመስማት ሲጠብቁ ይታያሉ።

አባቶች «ነግ በእኔ» የሚሉት አጭር ቃል ለሕግ ዐዋቂው ጥያቄ የሚስማማ የአገር መልስ ነው። ነግ በእኔ የሚል ሰው በሌላው ቦታ ራሱን አቁሞ ይመለከታል፤ ስለዚህ ጕድጓዱን ይከድናል፥ በሬውን ያስራል፥ የተቀበለውን ማመልከቻ ከመሸ በፊት ያነባል፥ ያልተረዳውን መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ድካም እንጂ ታላቅ ተጋድሎ አይጠይቅም። በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የዳነ ሰው መዳኑን አያውቅምና የሚያመሰግን አይገኝም፤ ከዛፉ ሥር ጩኸቱን ሰምቶ ፈቀቅ ያለው መንገደኛም ቀና ብሎ ሳያይ መንገዱን ይቀጥላል። መልማዩም ማለፉን ካየ በኋላ ቅርንጫፉን ይጥላል።